አንገቱ ላይ የተሰመረው ክብ

ነርሷ ሰሌዳውን አምጥታ ከአልጋው አጠገብ ባለችው የብረት ኮመዲኖ ላይ ስታስቀምጠው አባቴ የሕፃን ዕቃ መሰለው። ነጭ ሰሌዳ ነው። ስፋቱ ከደብተር እምብዛም አይበልጥም፤ ጠርዙ ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፤ በጎኑ ጥቁር ማርከር በክር ተንጠልጥሏል። ከዚህ በፊት የተጻፈበት ነገር በደንብ ስላልጠፋ “ውሃ” የሚል ቃል ደብዝዞ ይነበባል። አባቴ አንስቶ አገላብጦ አየውና ነርሷ ወደሚቀጥለው አልጋ ሳታልፍ ጠራት።

“ሲስተር፣ ይሄ አንዱ ሕፃን ረስቶት ነው መሰለኝ። ፈልገሽ ስጪው፤ ሲያለቅስ ይውላል።”

“የእርስዎ ነው አባባ። ከነገ ጀምሮ ያስፈልግዎታል።”

“የኔ?” አባቴ ሳቀ። ድምፁ ከሻከረ ወዲህ ሳቁ ከሳል አይለይም። “እኔ እኮ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ልታስቆጥሩኝ ነው?”

ነርሷ አብራው ልትስቅ ከንፈሯን ከፈት አደረገችና እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። “እኔ ልያዘው” ብዬ ሰሌዳውን ከእጁ ተቀበልኩና ፎጣና ሳሙና ባለበት ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ነርሷ በክፍሉ የተኙትን የሦስቱንም በሽተኞች ሙቀት ለክታ ስትጨርስ በዓይኗ ወደ በሩ ጠቀሰችኝ። ተከትያት ወጣሁ።

ኮሪደሩ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ በረኪና የሚሸት፣ በሁለቱም በኩል አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ነው። ወንበሮቹ ላይ ጆሮአቸውን በጥጥ የደፈኑ፣ አንገታቸውን በሻሽ የጠቀለሉ ሰዎች ካርዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ነርሷ በዕድሜ ከኔ አትበልጥም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አልነገራችኋቸውም?” አለችኝ። “ካርዳቸው ላይ እኮ ‘ሁኔታው በቤተሰብ በኩል ለታማሚው ተነግሯል’ ተብሎ ተጽፏል። ወንድምሽ ነው ያስጻፈው።”

“ወንድሜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሊነግረው ነው።”

“በኋላ!” አለች። “ሲነቁ አጠገባቸው የምቆመው እኔ ነኝ፤ አንቺም አይደለሽ፣ ወንድምሽም አይደለም። አምና አንድ ሰውዬ ሳይነገራቸው ገብተው፣ ሲነቁ ድምፅ አልወጣ ሲላቸው ደንግጠው የመተንፈሻ ቱቦውን በእጃቸው ነቅለውታል። ደም በደም ሆነን ነው የመለስነው። ዶክተሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኦፕሬሽን ክፍል ነው፤ ከዚያ ለፊርማ ይመጣል። እስከዚያ አንዳችሁ ንገሯቸው። አለዚያ እኔ ለዶክተሩ እናገራለሁ፤ ቀኑም ይሰረዛል።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የአንገት በላይ ሐኪሙ ከአባቴ ጉሮሮ የተወሰደውን ናሙና ውጤት ይዞ ወደ ክፍሉ ያስገባው እሱን ሳይሆን ወንድሜን ነው። አባቴ በር ላይ ቁጭ ብሎ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ነበር፤ ለምን እንዳልተጠራም አልጠየቀም። እኛ ዘንድ ሕመም መጀመሪያ የሚነገረው ለታመመው አይደለም፤ ጠንከር ይላል ለተባለው ዘመድ ነው። ማንቁርቱ ላይ ካንሰር አለ፣ ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፣ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው፣ ድምፁም አይመለስም። ወንድሜ ይህን ሁሉ ሰምቶ ወጣና ለአባቴ፣ “ትንሽ እብጠት ነው፤ በአፍ በኩል ገብተው ይለቅሙታል” አለው። ማታ ለእናቴና ለኔ እውነቱን ነገረን። እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር፤ የያዘችውን ሳህን አጥባ፣ አለቅልቃ፣ አድርቃ፣ መደርደሪያው ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው የተቀመጠችው። “እንዳትነግሩት” አለች። “ካወቀ እሺ አይልም።” እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምላሴን ዋጥ አድርጌ ጠዋት ሥራ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ፣ አብሬው ዜና አያለሁ።

ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኜ ለወንድሜ ደወልኩ። የሚሠራው የሕንፃ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው፤ ከጀርባው ብረት ሲወረወር ይሰማል።

“አትነካኪው ብዬሻለሁ” አለኝ ገና ሳልጨርስ።

“ነርሷ እኮ...”

“ለነርሷ አባቷ አይደለም። ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ በመርፌው መሃል ከወንበሩ ተነስቶ የወጣው ሰው እኮ ነው! ጉንጩ እንደደነዘዘ ፀጉር ቤቱ ገብቶ ደንበኛ ሲላጭ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ይሄን ብትነግሪው ጫማውን እስኪያደርግ የሚቆይ ይመስልሻል? በነጠላ ጫማው ነው የሚወጣው። ካልተሠራለት ስድስት ወር ነው ያለው ዶክተሩ። ስድስት ወር! ተነስቶ ቢሄድ ኋላ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።” ድምፁ ለስለስ አለ። “እኔ እነግረዋለሁ። ሲነቃ እኔው ራሴ አጠገቡ ቆሜ እነግረዋለሁ። እሱን ለኔ ተይው።”

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አባቴን እዚህ ሆስፒታል ለማስተኛት ሦስት ቀን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጫማው ተልጧል። ስልኩን ዘጋሁና ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

ክፍሉ ሦስት አልጋ አለው። በመስኮቱ በኩል አባቴ፣ መሃል ላይ ጭንቅላቱ በሻሽ የተጠቀለለ የጭነት መኪና ሾፌር፣ በሩ አጠገብ ደግሞ አፍንጫው በጥጥ የታጨቀ፣ በአፉ እየተነፈሰ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ የባንክ ዘበኛ። ሾፌሩ የቀኝ ጆሮው ትላንት ነው የተሠራው፤ የግራው በሞተር ድምፅ ብዛት ድሮ ደክሟል። ስለዚህ ከሱ ጋር ለማውራት መጮህ ያስፈልጋል፤ አባቴ ደግሞ መጮህ አይችልም። ሁለቱ ከገቡ ጀምሮ በእጅ ምልክት ሲግባቡ ሳያቸው ከርሜያለሁ። “አንዱ ጆሮ የለው፣ አንዱ አፍንጫ የለው፣ እኔ ጉሮሮ የለኝ” ብሎኝ ነበር ትላንት፤ “ሦስታችንን ቢገጣጥሙን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል።”

ስገባ አንዲት ረዳት በብረት ሳህን ላይ ሳሙናና የሚጣል ምላጭ ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። ከአገጭ እስከ ጡት ድረስ መላጨት አለበት። አባቴ ምላጩን ከእጇ ወስዶ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ሞከረው። “በዚህ እንኳን ሰው ድንችም አይላጥም። የኔ ልጅ፣ አንቺ ሂጂ፤ እኔ አርባ ዓመት የሠራሁት ይሄንን ነው።” አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሁለት ወንበር ባለው ሱቅ፣ ከአንድ ባልደረባው ጋር፣ የአንድ ሰፈር ሙሉ አገጭና አንገት በእጁ አልፏል። ረዳቷ እያቅማማች ሄደች። ሻንጣው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣውን የራሱን ምላጭ መያዣ አወጣልኝ፤ አዲስ ስለት አስገባሁለት፤ የኪስ መስተዋቴን ከፍ አድርጌ ያዝኩለት።

አባቴ የራሱን አንገት ሲላጭ አይቼ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ሱቅ ተላጭቶ ነው የሚመጣው። በግራ እጁ ቆዳውን ወደ ላይ ወጠር ያደርጋል፣ በቀኙ አንዴ ብቻ ይስባል፤ ሁለተኛ አይደግምም። ምላጩ ሲያልፍ ቀጭን የሚሰነጠቅ ድምፅ አለው። ከጉሮሮው እብጠት አጠገብ ሲደርስ እጁ አልፈጠነም፣ አልዘገየምም። ደረቱ ላይ ሲደርስ ብቻ ቆም አለ። “በአፍ ለሚገቡበት ነገር ይሄ ሁሉ ሜዳ ምን ያደርግላቸዋል?” አለኝ። “ለጥንቃቄ ይሆናል” አልኩት። ዓይኔን ወደ በሩ ሳዞር መስተዋቱ አዘነበለ። “ቀጥ አድርገሽ ያዢው እንጂ፤ ታርጂኛለሽ” አለና ቀጠለ።

ጨርሶ አንገቱን በፎጣ ሲያደርቅ አንዲት ተለማማጅ ሐኪም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ይዛ ገባች። ለነገ ምልክት ልታደርግ ነው። “ቀና ይበሉ አባባ፤ ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ፤ አሁንም ዋጥ” እያለች በጣቷ ዳሰሰችና ከአንዱ ጆሮ ሥር ጀምራ፣ በአንገቱ ዝቅ ብላ፣ እስከ ሌላው ጆሮ ሥር አንድ ረጅም ጎባጣ መስመር ሳበች። ከዚያ ከደረት አጥንቱ በላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ሠራች። አየችው፣ ትንሽ አስተካከለችው፣ አመስግና ወጣች። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም።

“መስተዋቱን” አለ አባቴ።

ሰጠሁት። ራሱ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረና ረጅም ጊዜ አየ። ደንበኛው ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት የሠራውን ሥራ የሚያይበት አስተያየት ነው፤ ከግራ፣ ከቀኝ፣ አገጭን ቀና አድርጎ። “መስመሩ የሚከፈትበት ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ይሄ ይገባኛል። ይከፈታል፣ ይሰፋል።” ጣቱን ክቡ አጠገብ አደረገ፤ ቀለሙን ላለማጥፋት አልነካውም። “ይሄ ግን አይሰፋም። የሚሰፋ ቢሆን መስመር ይሆን ነበር። ክብ አድርገሽ የምትቆርጪው ክፍት ለሚቀር ነገር ነው።” መስተዋቱን ዝቅ አደረገ። “ምንድን ነው እሱ?”

ብዙ ማስተባበያ አስቤ ነበር፤ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆን መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ክቡን ግን አላሰብኩትም ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ካንሰር መሆኑን፣ ማንቁርቱን ሙሉ በሙሉ እንደሚያወጡት፣ በዚያች ክብ በኩል እንደሚተነፍስ ነገርኩት። ዓይኔን አንሶላው ላይ ካለው የሆስፒታሉ ማህተም ላይ አላነሳሁም።

“መናገርስ?”

“የለም አባዬ።”

“መቼም?”

“በመሣሪያ የሚለማመዱ አሉ አሉ። እዚህ ግን የለም።”

ሾፌሩ ፊታችንን እያየ ኖሮ፣ “ምን አላችሁ?” ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ደንግጦ ነቃ። አባቴ እጁን ከፍ አድርጎ “ምንም” የሚል ምልክት ሰጠው፤ ሾፌሩም ምልክቱን መለሰለትና ወደ ግድግዳው ዞረ። አባቴ ምላጩን ከመያዣው ነቅሎ አጠበ፤ መያዣውን አደረቀ፤ በጨርቁ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ መለሰ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አልረዳሁትም።

“ማን ማን ያውቃል?” አለኝ።

“ወንድሜ።”

“እናትሽስ?”

“ታውቃለች።”

“ይቺ ሲስተር? ያቺ ስትስልብኝ የነበረችው ልጅ?” ራሴን ዝቅ አደረግኩ። “የሆስፒታሉ በር ዘበኛስ ያውቃል? ወይስ ለሱ አልደረሰውም?” ፈገግ ያለ መስሎኝ ቀና ስል ፊቱ ሌላ ነበር። “ድምፅህን አሳርፍ፣ እንዲድን አሳርፈው አላችሁኝ። አሥራ ሁለት ቀን አሳረፍኩት። ደንበኛ ‘እንደምን ዋልክ’ ሲለኝ ጉሮሮዬን በእጄ እያሳየሁ ዝም አልኩ። እናትሽ ‘እሺ ማለት ሲያቅትህ አንገትህን ነቅንቅ’ ብላኝ አንገቴን ስነቀንቅ ሰነበትኩ። ይድናል ብዬ! የማይተርፍ ነገር ነው ስቆጥብ የከረምኩት?”

ይህን ያህል ረጅም ነገር ሲናገር ከሰማሁት ቆይቶ ነበር። መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰንጥቆ አየር ብቻ ወጣ። እንደፈራሁት ጫማውን ይፈልጋል ብዬ ከአልጋው ሥር ያሉትን ጫማዎች አየሁ። እሱም ወዴት እንዳየሁ አየ።

“አልሄድም” አለ። “ባይቆረጥስ? ስንት ጊዜ አለኝ?”

“ስድስት ወር ብሎታል ለወንድሜ።”

“ይሄንንም ለወንድምሽ።” መስኮቱን አየ። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት የታጠቡ አንሶላዎች ገመድ ላይ ትዘረጋለች። አራት አንሶላ እስክትዘረጋ ድረስ አያት። “ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?”

“በጥየቃ ሰዓት፤ አሥራ አንድ ላይ።”

“እንግዲያው አልነገርሽኝም። እኔም አላውቅም።” ልከራከረው ስል እጄን ያዘኝ። “ስሚኝ። አውቃለሁ ካልኳት እናትሽ ሰዓቱን ሙሉ ስታለቅስ ልትውል ነው። ወንድምሽ ደግሞ ይቅርታ ሲለኝ። የቀረችኝን ድምፅ እነሱን ሳጽናና ልጨርሳት ነው። አልፈልግም። ቃል ግቢልኝ።”

ቃል ገባሁለት።

ከምሳ በኋላ፣ ሾርባውን ግማሽ ትቶ፣ ስልኬን ጠየቀኝ። ለእናቴ ሊደውል ነው ብዬ ነበር። የደወለው ሱቁ ነው። ባልደረባው ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ስልኩን መስተዋቱ ፊት እንዳስቀመጠው የፀጉር መቁረጫው፣ የቶንዶሱ፣ ጩኸት ሲቀንስ ገባኝ። “እናንተ፣ ዝም በሉ፤ አለቃው ነው!” ሲል ተሰማ።

“ወንበሬ ላይ ማን ነው ያለው?” አለ አባቴ።

“ዳቦ ጋጋሪው ነው።”

“ጋጋሪው! ጆሮውን ተጠንቀቅለት፤ የግራው ከቀኙ ዝቅ ይላል። በመስመር ብትሄድ ግማሽ ጺሙን ትተኸዋል ማለት ነው።”

“አንተ ሰውዬ፣ ሆስፒታል ተኝተህም ታማኛለህ?” የሚል ሌላ ድምፅ መጣ፤ ሱቁ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። ሃያ ደቂቃ ያህል አወራ። ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ተራ እንደሚጠብቅ አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ለአንዱ ፀጉርህ እየሸሸ ነው አለው፤ ለሌላው ልጅህን ይዘህ ና፣ የመጀመሪያውን ቁርጥ እኔ ነኝ የምቆርጠው አለው። ልጁን መቼ ላምጣው ሲለው፣ “በሚቀጥለው ወር” አለ። ምንም አልነገራቸውም። እኔ ወንበሬ ላይ እጄን አጣጥፌ ስሰማ፣ ለነዚያ ሰዎች የሰጣቸውን ድምፅ ለኔ ቢሰጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ሲጨርስ ስልኩን መለሰልኝና፣ “ባትሪሽን ጨረስኩት” አለኝ።

ዶክተሩ የመጣው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው፤ ኮፍያው ግንባሩ ላይ ምልክት ትቶበታል። ነርሷ ከኋላው ቅጹን ይዛ ቆማለች፤ እኔን እያየች ትጠብቃለች። “አባባ፣ ነገ የምንሠራውን ቤተሰብ ነግሮዎታል አይደል?”

“ነግረውኛል” አለ አባቴ። “ሙሉ በሙሉ ነው፤ ድምፅም አይኖርም።”

ነርሷ ትንፋሽዋን ስትለቅ ሰማሁ። ዶክተሩ ሌላ ጥያቄ እንዳለው ጠየቀው። “አንድ አለኝ” አለ አባቴ፤ “እጅህን አሳየኝ።” ዶክተሩ ግር ብሎት ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋለት። አባቴ መዳፉን ገለበጠው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየ፣ አየር ላይ ለቀቃቸውና ይንቀጠቀጡ እንደሆነ ጠበቀ። ሱቅ ሊቀጠር የሚመጣን ሰው እንደሚያደርገው ነው ያደረገው። “ደህና ነው” አለና ቅጹን ፈረመ።

እናቴና ወንድሜ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብርቱካንና አዲስ ፒጃማ ይዘው ገቡ። እናቴ ቀሚሷን ለውጣ፣ ፀጉሯን አበጥራ ነበር። ወንድሜ ገና ሳይቀመጥ፣ “እንዴት ነው ጀግናው? ነገ ይቺን እብጠት ለቅመው ጨረሱ ማለት ነው” አለ። ድምፁ ከሚገባው በላይ ይጮህ ነበር። አባቴ አንሶላውን እስከ አገጩ ስቦ ስለነበር ምልክቶቹን አላዩም። “አዎ” አለው። እናቴ ብርቱካን ልጣ ፍሬ በፍሬ ሰጠችው። ስለ ጎረቤት ቧንቧ አወራች፤ ስለ መብራት መቆራረጥ አወራች፤ ዝም ስትል ወንድሜ ስለ ትራፊኩ ቀጠለ። ሁለቱ እየተፈራረቁ ክፍሉን በወሬ ሞሉት፤ አባቴ አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየ ያዳምጣቸዋል። የጥየቃው ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አባቴ እጁን አንስቶ የእናቴን ክንድ ያዘ።

“ስሚ” አላት። “ያን ጊዜ እናትሽ ቤት...”

ድምፁ ተሰበረና ሳለ። እናቴ ወዲያው አፉን በመዳፏ ሸፈነችው። “ዝም በል፣ ዝም በል፤ አትናገር። ድምፅህን ለምን ታደክመዋለህ? ነገ ይሁንልህ እንጂ፣ ስትድን ሌላ ምን ሥራ አለን፣ ሲወራ ይዋላል።” ይህን ስትል ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ ግን አልፈሰሰም። አባቴ በመዳፏ ውስጥ ሆኖ አያት። ሊቀጥል ይችል ነበር። እጇን ቢያነሳው ትተወው ነበር። እኔም አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ነገር ይለወጥ ነበር፤ ግን ቃል ገብቼለታለሁ፤ እሱም ፊቱን ወደኔ አላዞረም። ቀስ ብሎ አንገቱን ነቀነቀላት። እሷም እጇን አነሳችና የፒጃማውን አንገትጌ አስተካከለችለት።

እስከ ውጭው በር ሸኘኋቸው። ወንድሜ ታክሲ ሊጠራ ቀድሞ ሄደ። እናቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ “ዛሬ ፊቱ ደህና ነው፤ አይደል?” አለችኝ። አንድ ነገር እንድላት የፈለገች መሰለኝ፤ ወይም ምንም እንዳልላት። “ደህና ነው” አልኳት። ስመለስ አባቴን ምን ሊላት እንደነበር ጠየቅኩት። “ለሷ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም” አለኝ፤ አልተቆጣም። “ነገ ጠዋት ከመግባቴ በፊት ይመጣሉ አይደል? ያን ጊዜ እነግራታለሁ። ላልቅስ ካለች ታልቅስ።” ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚወስዱት፣ እነሱ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚደርሱ ነገርኩት። “በቂ ነው” አለ።

ጠዋት ግን መጀመሪያ ይገባ የነበረው በሽተኛ ትኩሳት ስለያዘው ተራው ለአባቴ ሆነ። ተሸካሚው ባለ ጎማውን አልጋ እየገፋ የመጣው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ደወልኩ፤ እናቴ ስልኩን ስታነሳ ታክሲ ውስጥ ነበሩ፤ መንገዱ ተዘግቷል። አባቴ ወደ ባለ ጎማው አልጋ ከተሻገረ በኋላ ተሸካሚውን፣ “ትንሽ እንጠብቅ፤ ባለቤቴ መንገድ ላይ ናት” አለው። ተሸካሚው በትህትና፣ “አባባ፣ እዚያ ቆመው የሚጠብቁን ብዙ ናቸው” አለ። ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት። የእናቴ ድምፅ፣ “ደረስን፣ ደረስን በሉት” ሲል ይሰማል። አባቴ ስልኩን አየውና እጁን አወናጨፈ። “በስልክ የሚባል አይደለም” አለኝ። ሾፌሩ አልጋው ላይ ተነስቶ ቁጭ ብሎ፣ አባቴ በአጠገቡ ሲያልፍ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው፤ “በርታ!” ብሎ ክፍሉን አናጋው። አባቴም የሆነ ነገር መለሰለት፤ ሾፌሩ ግን አልሰማውም፤ እኔም የጎማው ድምፅ ዋጠብኝ። እስከ ኦፕሬሽን ክፍሉ ድርብ በር ድረስ እጁን ይዤው ሄድኩ። በሩ ላይ አስለቀቁኝ።

እናቴና ወንድሜ የደረሱት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቀዶ ሕክምናው ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዶክተሩ ወጥቶ ጥሩ እንደሄደ፣ የተቆረጠው ዳር ዳሩም ከካንሰሩ ንጹሕ እንደሆነ ነገረን። በሚቀጥለው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሲነቃ ወንድሜ እንዳለው አደረገ። እኛን በሩ ላይ አቁሞ ወደ አልጋው ቀረበ፤ የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ፣ “አባዬ፣ ያልነገርንህ አንድ ነገር አለ” ብሎ ጀመረና ከናሙናው ውጤት አንስቶ ሁሉንም በተራ ነገረው። አባቴ ዓይኑን ከፊቱ ላይ ሳያነሳ፣ ገና እንደሚሰማ ሰው፣ እስኪጨርስ ድረስ አዳመጠው። ከዚያ እሺ የሚል ያህል ራሱን ነቀነቀለት። እናቴ ሮጣ ገብታ አጠገቡ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች፤ አባቴም እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገላት።